የባሕር ማሽላና ቡና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ አድርጎ ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ መንገደኛ አኖን የሚያያት በመኪና መስኮት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሾፌሩ ቡና ካላማረው በቀር መኪናው አይቆምም። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች፣ የበቆሎ እሸት በሳፋ የያዙ ልጆች፣ ተራ የሚጠብቁ ባጃጆች ታይተው ያልፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ወደ ሲሬ ይቀጥላል። የጎቡ ሰዮ ወረዳ ዋና ከተማ መሆኗን የሚያውቅ መንገደኛም ብዙ አይደለም። እኛ ግን ያደግንባት ስለ ሆነች፣ ዓለም የሚባለውን ነገር አስቀድመን ያየነው በዚያች መንገድ ላይ ሲመጣና ሲሄድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎች ስለሚከራከሩበት ስለ ሉላዊነት የምናስበውን ለመጻፍ በተቀመጥን ጊዜ ብዕራችን ከአኖ ሊርቅ አልቻለም።

ይህ ቃል በስብሰባ አዳራሽ በተነሣ ቁጥር ተናጋሪዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ዓለም አንድ መንደር ሆነች፤ ዕውቀትና ሀብት ያለ ድንበር ይዘዋወራል እያለ ያመሰግናል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቋንቋችንንና ልማዳችንን የሚጠርግ ጎርፍ መጣብን እያለ ያዝናል። ሁለቱም ወገኖች ታዲያ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ነገሩን ትናንት በአውሮፕላን እንደ ገባ እንግዳ አድርገው ይናገሩታል። እኛ የምንጠራጠረው እዚህ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።)

በአኖ ዙሪያ ያለው መሬት የበቆሎ መሬት ነው። በነሐሴ ወር ከመንገዱ ወረድ ብሎ የገባ ሰው ከበቆሎው ቁመት የተነሣ ሰማይን እንጂ ጎረቤቱን አያይም። የቀድሞ ሰዎች ይህን እህል በአማርኛ «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይዟል፤ ማሽላን የሚመስል፣ ነገር ግን በባሕር በኩል የመጣ ማለት ነው። የመጀመሪያ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን፣ ወደ አፍሪካ የተሻገረው ኮሎምቦስ በ1492 አሜሪካን ካየ በኋላ ነው። ይህንን በትምህርት ቤት ተምረን መጥተን ለአባታችን በነገርናቸው ጊዜ ድግሩን ከመጥረብ ሳያቋርጡ ሳቁብንና «ልጄ፣ በቆሎ ፈረንጅ ከሆነ እኛስ ምንድን ነን?» አሉን። የተናገሩት በኦሮምኛ ስለ ነበር በአማርኛ ስንመልሰው ጣዕሙ ጥቂት ይቀንሳል። ለእርሳቸው በቆሎ የአያት ቅድመ አያት ምግብ ነበር፤ በእርግጥም ነበር። ባሕር አቋርጦ የመጣ ነገር በቂ ዘመን ከቆየ የቤት ልጅ ይሆናል።

የቡና ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ቡና ከእኛ ወጥቶ የሄደ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ራሱ በቅሎ የሚገኘው ይህ ተክል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመን ለመጠጥነት ታወቀ፤ ከየመን የሆላንድ ነጋዴዎች ወደ ጃቫ ደሴት ወሰዱት፤ በ1706 አንድ ችግኝ አምስተርዳም ከተማ ደረሰ፤ በ1714 ደግሞ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አንድ ተክል በስጦታ ተሰጠ። ከዚያም ወደ ካሪብ ባሕር ደሴቶችና ወደ ደቡብ አሜሪካ ተሻግሮ በ1727 ብራዚል ገባ። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚመረተው ቡና ሲሶ ያህሉ የሚገኘው ከብራዚል ነው። እንግዲህ ነገሩን ልብ ላለው ሰው ያስደንቃል። የእኛ ጫካ ልጅ ባሕር ማዶ ሄዶ ባለጠጋ ሆነና ተመልሶ የእናቱን ቤት ዋጋ የሚቆርጥ ጌታ ሆነ። በሐምሌ ወር 1975 በብራዚል ውርጭ ወርዶ ቡናውን ባቃጠለው ጊዜ፣ በ1977 የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ ከሦስት ዶላር በላይ ወጣ። በብራዚል ዝናቡ መልካም በሆነ ዓመት ደግሞ የጊምቢ ገበሬ ይከስራል። የገዛ ሰማዩን ብቻ አይቶ የሚያርስ ቡና ገበሬ በዓለም ላይ የለም።

ገበያው ራሱም ከጥንት ጀምሮ የባዕድ ምልክት ያለበት ነበር። አያቶቻችን ቡና ሲሸጡ የሚቀበሉት ብር በኦስትሪያ የተመታው የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር፤ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላ እንኳ ከነመልኳና ከነዚያው ዓመተ ምሕረት መመታቱን አላቋረጠም። ያችን ሴት አያቶቻችን ማን እንደ ሆነች ሳያውቁ በየጉድጓዱ ቀብረዋታል። ቡናውን የሚመዝኑበት ፈረሱላ፣ እርሱም 17 ኪሎ የሚሆነው፣ የዐረብ ነጋዴዎች የመዘኑበት ስም ነው። በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ ወዲህ፣ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ወደዚያ ወርዶ፣ ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ሲመለስ ጨውና አቡጀዲ ይመጣል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች እስከ ደምቢ ዶሎ ድረስ ሱቅ ከፍተው ነበር። ሱዳን በ1956 ነጻነቷን ስታገኝ ያ ጣቢያ ተዘጋ፤ የምዕራብ ወለጋ ፊትም ከባሮ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ዞረ። አኖን መንገድ ዳር ያቆማትም ከዚህ ወዲያ እየበረታ የሄደው የመኪና ንግድ ነው ብንል ብዙ የተሳሳትን አይመስለንም።

በዚያው መንገድ ላይ የሄደው ግን እህልና ቡና ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነበር። በሉላዊነት ላይ ንግግር የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ሲያነሡት አንሰማም፤ እኛ ግን ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ሂካ ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በዚያ በ1870 ነጻ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብም ተባለ። አስቴር ጋኖ የተባለችውም እንዲሁ በባርነት ወደ የመን በመርከብ ስትወሰድ በ1886 የኢጣልያ ባሕር ኃይል ይዞ ወደ ምጽዋ አካባቢ አመጣት። እነዚህ ሁለት ሰዎች ተባብረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱት፤ በ1899ም በስዊስ አገር ታተመ። አስቴር ከባልንጀሮቿ ጋር ብዙ የኦሮምኛ ተረትና ግጥም ሰብስባለች፤ ከአገሯ ርቃ በባሕር ዳር ተቀምጣ የልጅነቷን ቋንቋ በወረቀት ላይ አሠፈረችው። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ አስተማሩ። ሂካ የሚለው ስም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። የስሙና የሕይወቱ መገጣጠም ያስገርመናል፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ዓለም እንደ ዕቃ ሸጦ ወሰዳቸው፤ እነርሱ ግን ፊደል ይዘው ተመለሱ። ለአንዳቸው መመለስ ስንት ሰው በመንገድ እንደ ቀረ ደግሞ የሚቆጥር የለም።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንመለስ።

ቡና አምራችና ቡና ጠጪ አገሮች በ1962 ስምምነት ተፈራርመው እያንዳንዱ አገር ለገበያ የሚያቀርበውን መጠን ወስነው ነበር። ዋጋው በዚህ ምክንያት ከመጠን በላይ እንዳይወድቅ ይደገፍ ነበር። በሐምሌ ወር 1989 ይህ የኮታ ሥርዓት ፈረሰ። ገበያው ነጻ ሆነ ተባለ። በዚያው ሰሞን ቬትናም ቡና በብዛት መትከል ጀምራ ዐሥር ዓመት ያህል ሲሞላ በዓለም ሁለተኛ አምራች ሆነች። እንግዲህ አንድ የቬትናም ገበሬና አንድ የወለጋ ገበሬ ሳይተዋወቁ፣ አንዱ የሌላውን ስም እንኳ ሳይሰማ፣ በአንድ ሚዛን ላይ ተቀመጡ።

የእናታችን ወንድም በጊምቢ በኩል ቡና ነበራቸው። ብዙ አይደለም፤ በጥላ ዛፍ ሥር ያለ፣ ከአባታቸው የወረሱት ቡና ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ይለቀማል፤ በአልጋ ላይ ይሰጣል፤ ጀንፈሉ ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ከሰብሳቢው ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢው ወደ ላኪ ይሄዳል። በ2001 መስከረም፣ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ በኒውዮርክ ሁለቱ ታላላቅ ፎቆች በአውሮፕላን ተመትተው ወደቁ። አጎታችን ይህን በሬዲዮ ሰሙ። ቡናቸውን ለቅመው ለሽያጭ ባቀረቡ ጊዜ ሰብሳቢው የሰጣቸው ዋጋ ከአምናው ጋር የማይገናኝ ሆነ። ምክንያቱን ቢጠይቁት «አባባ፣ ኒውዮርክ ወድቋል» አላቸው። እርሳቸውም ነገሩን በፎቆቹ መውደቅ ተረጎሙት። ለብዙ ጊዜ «የእኛን ቡና ያረከሰው ያ እሳት ነው፤ ሰዎቹ ኀዘን ላይ ናቸው፤ ኀዘንተኛ ቡና አይገዛም» ይሉ ነበር። ለሞቱት ሰዎችም ከልባቸው አዘኑ። ኒውዮርክ ማለት እዚህ የዋጋ ስም እንደ ሆነ፣ ዋጋውም ከፎቆቹ በፊት መውደቅ እንደ ጀመረ ልናስረዳቸው ሞክረን ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ ፓውንድ ቡና ከሃምሳ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። እርሳቸው ግን የኛን ማስረዳት ሰምተው ሲያበቁ፣ «ኀዘኑን ብትተዉልኝ ይሻላል፤ ኀዘን ሲያልፍ ዋጋ ይመለሳል፤ እናንተ የምትሉት ግን መቼ ያልፋል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በዚያ ዓመት አንድ ፈረሱላ ጀንፈል ሸጠው የአንድ ልጅ ሸራ ጫማ መግዛት አልቻሉም።

በአኖ ደግሞ በዚያው በጋ ሌላ ነገር ሆነ። የባኮ የምርምር ማዕከል ያወጣውን ቢኤች 660 የተባለውን ዲቃላ በቆሎ አባታችን ከማዳበሪያ ጋር በዱቤ ወስደው ዘርተው ነበር። ዘሩ በእውነት መልካም ዘር ነው፤ የሚነቀፍበት ነገር ቢኖር በየዓመቱ እንደ አዲስ መገዛቱ ነው። ዝናቡም መልካም ሆነ፤ በቆሎው ሞላ፤ ጎተራ ጠበበ። በ2002 መጀመሪያ ላይ ግን በብዙ የበቆሎ አገር እህሉ ገዥ አጣ። አባታችን ዐሥር ኩንታል በቆሎ ሸጠው የአንድ ኩንታል ዳፕ ዕዳ ከፈሉ። የቀረውን ዕዳ ለመክፈል አንዱን በሬ ሸጡ። ዕዳውን ሊሰበስቡ የመጡት ሰዎች የአገራችን ልጆች ነበሩ፤ ቡና ጠጥተው፣ አመስግነው፣ ብሩን ቆጥረው ሄዱ። የቀረው በሬ ብቻውን ቆሞ ሲያመነዥግ የማየቱ ነገር እስከ ዛሬ ከዓይናችን አልጠፋም።

እኛ በዚያን ጊዜ ወጣት መምህር ነበርን፤ በደመወዛችን ሁለቱንም ቤት ለመደጎም የማንችል ነበርን። የገባን ነገር ቢኖር ግን ይህ ነው። የአጎታችን ቡና የረከሰው ከዓለም ጋር እጅግ የተሣሠረ ስለ ሆነ ነው። የአባታችን በቆሎ የረከሰው ደግሞ ከባኮና ከነቀምቴ አልፎ የሚወስደው መንገድ፣ የሚያስቀምጠው መጋዘን፣ የሚገዛው ብር ስላልነበረ ነው። አንዱን መታሠሩ ጎዳው፤ ሌላውን አለመታሠሩ ጎዳው። የሁለቱም ቤት ልጆች ግን እኩል ጫማ አጡ። ነገሩ በዚህም አላበቃም። ዓመቱ ሳይዞር ዝናብ ጠፋና በ2003 ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ የአገራችን ሕዝብ የእህል ርዳታ ፈላጊ ሆነ። ከአሜሪካ የተጫነ ስንዴ በጅቡቲ ወደብ በኩል ገባ። ባሕሩን ተሻግሮ የመጣው እህል ለተራበው ደረሰ፤ እግዜር ይስጣቸው። የእኛው የባሕር ማሽላ ግን አምና በጎተራ ሳለ ነቀዝ በልቶታል። ስለዚህ ሰዎች ሉላዊነት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብለው ሲጠይቁን ጥያቄው አይጥመንም። ገመዱ ድሮ ታሥሯል። ጫፉን ማን ያዘው? ማንስ ይስበዋል? ማንስ ያላላዋል? ብለው ቢጠይቁን የምንመልሰው ነገር ይኖረናል።

የአጎታችን ሴት ልጅ በዚያ ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። በትምህርቷ ከእኛ ትበልጥ ነበር ብንል ለትሕትና የተናገርነው አይሆንም። የነቀምቴ ቤት ኪራይ የሚከፈልበት የቡና ብር ስለ ጠፋ አቋረጠች፤ በ2002 መጨረሻ በደላላ በኩል ወደ ቤይሩት ሄደች። በወር መቶ ዶላር ትቀበል ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአባቷ ቡና የሚበልጥ ብር ላከች። ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ታናናሾቿ ተማሩ። እናታችን ግን ቆርቆሮውን ባየች ቁጥር «የልጅ ዋጋ ነው» ማለቷን አልተወችም። እኛም ኦኔሲሞስንና አስቴርን ስናስብ ያቺን ልጅ ሳናስብ አንቀርም፤ ነገሩ አንድ ነው ለማለት አይደለም፤ እርሷ በፈቃዷና በፓስፖርት ሄዳለች። ነገር ግን ፈቃድ የሚባለው ነገር ራሱ በኒውዮርክ ከሃምሳ ሳንቲም በታች ሲወርድ ምን ያህል ፈቃድ ሆኖ እንደሚቀር መጠየቅ ይገባል።

በእነዚያ ዓመታት አንድ ደስ ያሰኘን ነገርም ተደርጓል። መንግሥታችን በ2005 ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩ በጋዜጣ ወጣ፤ በመጨረሻ በ2007 ስታርባክስ የተባለው ትልቁ ቡና ሻጭ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈረመ። የስም ባለቤትነት ለገበሬው ኪስ በቀጥታ ምን ያህል እንዳስገባ ሊያከራክር ይችላል። እኛን ግን ደስ ያሰኘን ሌላው ነገር ነው፤ ገመዱን ለአንድ ጊዜ ከዚህ በኩል የሳበው ሰው ተገኘ። የኛው የወለጋ ቡና ከሦስቱ መካከል አልነበረም። እርሱ በውጭ ገበያ የሚታወቅበት ስም እንኳ «ለከምቲ» ነው፤ የቆዩ የአውሮፓ ካርታዎች ነቀምቴን እንዲያ ብለው ይጽፏት ስለ ነበር የተሳሳተው ፊደል በጆንያ ላይ ቀረ። ከተማዪቱ ስሟን ካርታ ላይ አስተካክላለች፤ ጆንያው ግን ገና አልሰማም።

በቅርቡ ደግሞ ገመዱ በብዙ በኩል ተሳበ። በሐምሌ 2024 መንግሥት የውጭ ምንዛሪን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ወራት ሳይሞላው ከመቶ ብር በላይ ሆነ። በየካቲት 2025 የቡና ዋጋ በኒውዮርክ አንድ ፓውንድ ከአራት ዶላር በላይ ወጥቶ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ደረሰ። የአጎታችን ጎረቤቶች ሞተር ብስክሌት ገዙ። ይህ መልካም ነው። በአኖ በኩል ግን ማዳበሪያው በዶላር የሚገዛ ነውና የበቆሎ ገበሬ ሌላ ሒሳብ ያሰላል። ቀድሞም በ2022 የሩስያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ማዳበሪያ በተወደደ ጊዜ አባታችን «አሁን ደግሞ የማን ቤት ነው የተቃጠለው?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ከአጎታችን ፎቆች ወዲህ ጠይቀው የማያውቁት ጥያቄ ስለ ሆነ ደነገጥን። ሽማግሌዎቹ ሳያነቡ ተምረዋል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና ወደዚያ ገበያ አይገባም። ሕጉ የሚጸናበት ቀን ቢራዘምም ዝግጅቱ ቀጥሏል። ስለዚህ አንድ ወጣት ስልክ ይዞ የአጎታችንን ቡና ዙሪያውን ሄዶ ነጥብ በነጥብ ለካው። አጎታችን በትራቸውን ተመርኩዘው ከኋላው እየተከተሉ «መሬቴን ማን ሊወስደው ነው?» ብለው ጠየቁት። «አባባ፣ ማንም አይወስደውም፤ ቡናዎ ከየት እንደ መጣ ጠጪው እንዲያውቅ ነው» አላቸው። ጥቂት አሰቡና «እኛስ ቡናችን የት እንደሚሄድ የሚለካልን ስልክ አለ?» አሉት። ወጣቱ ሳቀ። እኛም ያን ጊዜ ስቀናል፤ ማታ ግን ስንተኛ ጥያቄው አላስተኛንም። በጥላ ዛፍ ሥር ደኑን ጠብቀው የኖሩት ሽማግሌ ለመጠበቃቸው ማስረጃ አምጡ ሲባሉ፣ ዋጋውን የሚቆርጠው ወገን ግን ለአቆራረጡ ማስረጃ አያቀርብም።

ስለ ባህል ብዙ አንጽፍም፤ ሌሎች ከሚገባው በላይ ጽፈውበታል። በአኖ የሚሮጡት ባጃጆች የሕንድ ሥራ ናቸው፤ በመስተዋታቸው ላይ የአርሴናልና የማንቼስተር ዓርማ ተለጥፎባቸዋል፤ በማታ በየቤቱ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ይናገራል፤ ሕዝቡ ደግሞ ሰልባጅ ይለብሳል። ይህን ሁሉ አይተው የሚያለቅሱ አሉ። እኛ የአባታችንን ጥያቄ እናስታውሳቸዋለን፤ በቆሎ ፈረንጅ ከሆነ እኛስ ምንድን ነን? በሚለው እንጽናናለን። የሚያሳስበን የሚገባው ነገር ብዛት ሳይሆን ከእኛ ወደዚያ የሚሄደው ቃል ማነስ ነው። አስቴር ጋኖ የሰበሰበችውን ያህል ተረት ዛሬ ከሽማግሌዎቻችን አፍ የሚሰበስብ ወጣት፣ ያውም መቅጃው ስልክ በኪሱ እያለ፣ በየወረዳው ስንት ይገኛል?

ልጅቱ በ2020 ተመለሰች። የሊባኖስ ገንዘብ ረክሶ፣ ወረርሽኙ ገብቶ፣ ብዙ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል አቅቷቸው የኢትዮጵያ ልጆችን በየደጁ የጣሉበት ዓመት ነበር። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቆይታ የመጣችው በአንዲት ሻንጣና በጥሩ ዐረብኛ ነው። ወደ ጊምቢ አልተመለሰችም፤ በዚያን ሰሞን መንገዱ የሚያስተማምን አልነበረም። አኖ መጥታ ከእናታችን ጋር ተቀመጠች፤ ጥቂት ቆይታም በመንገዱ ዳር ላስቲክ ዘርግታ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ረከቦት አቁማ ቡና መሸጥ ጀመረች። ቡናው የአባቷ ነው፤ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይላክላታል። ሲኒዎቹ የቻይና ናቸው። ከአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና መቶ ሲኒ ያህል እንደሚወጣ ቆጥራ ታውቃለች፤ አንዱን ሲኒ በዐሥራ አምስት ብር ትሸጠዋለች። በቤይሩት ሳለች እመቤቷ በአንድ ሲኒ ስንት ትከፍል እንደ ነበርም ነግራናለች፤ አባቷ ግን እንዳይሰሙ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

ባለፈው ጥር ለዕረፍት ወርደን ከአጠገቧ ተቀምጠን ነበር። ከነቀምቴ በኩል የመጣ ረጅም የጭነት መኪና ቆመ፤ ሸራው ከላይ እስከ ታች ተጠፍሯል፤ የቡና ሽታም ነበረው። ሾፌሩ ወርዶ ዱካ ላይ ተቀመጠ። እርሷ ጀበናውን ከከሰሉ ላይ እያነሣች ወደ እኛ ዞር ብላ፣ «ጋሼ፣ በስልክህ እስቲ እይልኝ፤ ኒውዮርክ ዛሬ ስንት ገባ?» አለችን። መነጽራችንን አድርገን ፈለግን። መረቡ ደካማ ነበርና ብዙ ጊዜ ወሰደብን። ቁጥሩ እስኪመጣ ድረስ ሾፌሩ አቦሉን ጨርሶ ቶናውን ጠየቀ፤ እርሷም ቀዳችለት።